የአንዲት መኪና ባለቤቶች

«ግራን ቱሪስሞ» የኢጣልያንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ታላቅ ጉብኝት ማለት ነው። ስያሜው የተሰጠው ሁለት ሰዎችን ከነጓዛቸው ይዛ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር በፍጥነትና በምቾት ለምታደርስ መኪና ነው። ኢጣልያውያን በዚህ ዓይነት መኪና ሥራ የታወቁ ናቸው። እኛም ብንሆን «መኪና»፣ «ጎማ»፣ «ካምቢዮ» የምንላቸውን ቃላት የወሰድነው ከእነርሱ ቋንቋ ነው። ከዚህ በታች የምንመለከተው ፌራሪ 250 ጂቲኦ ተብለው ከሚጠሩት የግራን ቱሪስሞ መኪኖች መካከል የአንዲቱን ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ስሟን እንመርምር። 250 የሚለው ቁጥር የአንዱን ሲሊንደር ይዘት በኩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚገልጽ ግምት ነው። ሞተሯ 12 ሲሊንደሮች ስላሉት ጠቅላላ ይዘቱ 3 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ኃይሉም ወደ 300 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። «ጂቲ» ግራን ቱሪስሞ ለሚለው አጭር መጠሪያ ሲሆን «ኦ» ደግሞ «ኦሞሎጋቶ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ይኸውም ለውድድር ብቁ መሆኗ በደንብ የጸደቀላት ማለት ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ግን አንድ ብልሃት ተሸሽጓል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ፣ አንድ ዓይነት መኪና በግራን ቱሪስሞ ውድድር ለመግባት 100 ያህል ተሠርታ መገኘት አለባት ይል ነበር። ፋብሪካው ግን ከ1962 እስከ 1964 ድረስ ይህን ባለ 3 ሊትር ሞተር መኪና የሠራው 36 ብቻ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ኤንዞ ፌራሪ፣ መኪናዪቱ አዲስ ሳትሆን ቀድሞ በብዛት የተሠራችው የ250 ጂቲ ማሻሻያ ናት በማለት ተከራክሮ ፈቃዱን አገኘ። ክርክሩ ግማሽ እውነት ነበረው ለማለት ይቻላል።

ሥራውን የጀመረው ጆቶ ቢዛሪኒ የተባለው መሐንዲስ ነበር። ይሁን እንጂ በ1961 መጨረሻ እርሱና ሌሎች የፋብሪካው ኃላፊዎች ከኤንዞ ፌራሪ ጋር ተጣልተው ስለ ወጡ፣ የተጀመረውን ከፍጻሜ የማድረሱ ሸክም ገና ሠላሳ ዓመት ባልሞላው በማውሮ ፎርጊዬሪ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የአሉሚኒየም ገላዋ በሞዴና ከተማ በሚገኘው በሰርጆ ስካልዬቲ የሥራ ቤት በእጅ እየተቀጠቀጠ ይበጅ ስለ ነበር፣ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ መኪኖች አይገኙም። የውስጥ አሠራሯም ለጌጥ የሚጨነቅ አልነበረም። ከሾፌሩ ፊት ካሉት መለኪያዎች መካከል የፍጥነት መለኪያ እንኳ የለም፤ ተወዳዳሪው ማወቅ የሚገባው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ ሳይሆን ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ነውና። በእንዲህ ዓይነት መኪና ፌራሪ ከ1962 እስከ 1964 ድረስ በተከታታይ የግራን ቱሪስሞ ሠሪዎችን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ።

የሻንሲ ቁጥሯ 3589 የሆነችው መኪና በ1962 ወደ እንግሊዝ አገር ተላከች። የመጀመሪያው ባለቤቷ የውድድር ቡድን መሪ የነበረው ቶሚ ሶፕዊዝ ሲሆን፣ በውድድር የነዳት ማይክ ፓርክስ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ባሕር ተሻግራ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ ቪክቶሪያ በምትባል ከተማ ለሚገኝ አንድ የውድድር ቡድን ተሸጠች። በዚያም በ1961 የአሜሪካን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው ብሪታኒያዊው ኢነስ አየርላንድ መሪዋን ጨብጧል።

የውድድር መኪና ዕድሜ ግን እጅግ አጭር ነው። ሞተራቸው ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጠ ቀላል መኪኖች እየበዙ ሲሄዱ፣ ሞተሯን ከፊት የተሸከመችው ጂቲኦ ጊዜ ያለፈባት ሆነች። ስለዚህ የቡድኑ ባለቤት መኪናዪቱን በዚያችው ከተማ ለሚገኘው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስጦታ ሰጠ። በዕድሜ እናንተን የሚያህሉ ተማሪዎች የመኪና ጥገና ትምህርት የሚማሩባት መሣሪያ ሆነች ማለት ነው። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርና የስድስት ካርቡራተሮች ቅንብር ለጀማሪ የሚመች ትምህርት ነው ባይባልም፣ እንዲህ ያለ የማስተማሪያ መሣሪያ የቀረበለት ሌላ የትምህርት ቤት የሥራ ክፍል በዓለም ላይ መኖሩ ያጠራጥራል።

በ1972 ትምህርት ቤቱ መኪናዪቱን በ6,500 ዶላር ሸጣት። አዲስ ሳለች የዚህ ዓይነት መኪና ዋጋ በአሜሪካ 18,000 ዶላር ያህል እንደ ነበር ስናስብ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በሲሶ ዋጋ መሸጧ ማንንም አላስደነቀም፤ አሮጌ መኪና ነበረችና። ገዢውም ወደ ኦሃዮ ክፍለ ሀገር ወስዶ፣ በተጎታች ላይ እንደ ተጫነች ሜዳ ላይ አቆማት። በዚያም ዝናብና በረዶ እየወረደባት፣ ሣር ዙሪያዋን እየበቀለ፣ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆየች። አላፊ አግዳሚው የብረት ክምር ይመስለው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በ1988 ግን አንድ የስዊስ ሰብሳቢ ገዝቶ ወሰዳት፤ ከዚያም ታደሰች።

መኪናዪቱ በሜዳ ላይ ስትዝግ የሰው አስተያየት እየተለወጠ ነበር። የጂቲኦ ዋጋ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከፍ እያለ ሄደ፤ በነሐሴ 1988 ኤንዞ ፌራሪ ከሞተ በኋላ ደግሞ የፋብሪካው አሮጌ መኪኖች ዋጋ ወደ ሰማይ ተወነጨፈ። በ2018 ከእነዚህ መኪኖች አንዷ በካሊፎርኒያ በተደረገ ጨረታ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። የሞተሩ ይዘት አልተጨመረም፤ ጉልበቱም ያው 300 ነው። እንዲያውም ዛሬ በፍጥነት የሚበልጧት ተራ የቤተሰብ መኪኖች አሉ።

ታዲያ ገዢው ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ቁጥራቸው ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ መልካቸውም ሌላው ነው። በ2019 በቦሎኛ የሚገኝ የኢጣልያ ፍርድ ቤት የመኪናዪቱን ቅርጽ የሥነ ጥበብ ሥራ ነው ብሎ በመፍረድ፣ ሌሎች አስመስለው እንዳይሠሩት ከልክሏል። ሆኖም ቅርጽን አስመስሎ መቀጥቀጥ ለብልህ ባለሙያ አይሳነውም። አስመስሎ ሊሠራ የማይቻለው የባለቤትነት ታሪክ ነው። ስለዚህም ሰብሳቢዎች የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ያመሳክራሉ፤ የድሮ የውድድር ፎቶግራፎችን፣ የሽያጭ ደረሰኞችንና የጥገና መዝገቦችን ይፈልጋሉ፤ ማን ከማን እንደ ገዛ፣ እንደ ዘር ሐረግ፣ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ይቆጥራሉ። በሐረጉ ውስጥ አንድ ባለቤት ቢጎድል ጥርጣሬ ይነሣል፤ ዋጋም ይወርዳል። አደጋ ደርሶባት ገላዋ የተለወጠ እንደ ሆነ እንኳ መቼና በማን እንደ ተለወጠ በጽሑፍ ከተያዘ፣ ነገሩ ነውር ሳይሆን የታሪኳ አካል ሆኖ ይታያል።

የ3589 ሐረግም በዚሁ መንገድ ተመዝግቧል። በዝርዝሩ ላይ ከዝነኞቹ የውድድር ቡድኖች ቀጥሎ፣ ከስዊሱ ሰብሳቢም አስቀድሞ፣ የቪክቶሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም ከሌሎቹ ባለቤቶች እኩል በተራው ሰፍሮ ይገኛል።