ብርሃን በጠፋበት የብርድ ሌሊት

የልደት ሌሊት በላስታ የብርድ ሌሊት ነው። ታኅሣሥ የደጋው ሰማይ የሚጠራበት ወር እንደመሆኑ፣ ምድሪቱ ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት የሚያግድላት ደመና አይኖርም፤ ንጋት ላይም ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ያለው ሣር በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለችው ላሊበላ በእግሩ የመጣው ምእመንም ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጧፉን ይዞ በዚሁ ብርድ ውስጥ ያድራል።

ብርድና በረዶ ለአገራችን ደጋ እንግዳ አይደሉም። ከላስታ ተራሮች የሚነሣውን ተከዜን ተሻግረው ስለሚገኙት የሰሜን ተራሮች አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ወደብ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንደነበረ መዝግቧል። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ምዕተ ዓመት ጽሑፉን ገልብጦ ስላቆየልን ዛሬ እኛም እናውቀዋለን። እንግዲህ ብርዱ የቆየ ነው፤ ዘወትር አዲስ የሚሆነው ብርዱን የምናልፍበት መንገድ ነው። በዚህ ረገድ የ2013 ዓ.ም. ሁለት ጨለማዎች የሚያስተምሩን አለ።

የመጀመሪያው ጨለማ የወረደው በባዕድ አገር ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ወር በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ያልተለመደ የበረዶ ማዕበል ተነሥቶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ተቋረጠባቸው። የግዛቲቱ መንግሥት በኋላ እንዳስታወቀው 246 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዳንዶቹን የገደላቸው ብርዱ ሳይሆን ሙቀት ፍለጋቸው ነበር፤ በር ዘግተው ባነደዱት ከሰል፣ በቤት ውስጥ ባስነሡት ጄኔሬተር ወይም ሞተሩን ባላጠፉት መኪና ጢስ ታፍነው ሞቱ። ከኢትዮጵያ የሄዱ ወገኖቻችንም በዚሁ ሞት ተለይተውናል።

ሁለተኛው ጨለማ ዓመቱ ሳያልቅ በራሳችን ደጅ ወረደ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ መብራቱና ስልኩም ተቋረጠ። ከተማዪቱ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በመንግሥት እጅ ከተመለሰች በኋላም የኤሌክትሪክ ኃይሉ አልተመለሰም ነበርና፣ የዚያ ዓመት ልደት መብራት በጠፋበት ከተማ ተከበረ። ምእመናን ግን መጡ፤ ካህናቱም በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኵሉ»ን አዜሙ።

መብራት ሲጠፋ የሚጎድለው አምፖል ብቻ አይደለም። ወፍጮ ቤቱ ሲቆም እናት ወደ ድንጋይ ወፍጮዋ ትመለሳለች፤ የውኃ መግፊያው ሞተር ሲቆም ልጆች ጀሪካን ተሸክመው ወደ ምንጭ ይወርዳሉ፤ ማታ የሚጋገረው እንጀራም ቀን መጋገር አለበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤተሰቡን የሚያቆየው ከአያት የወረደው ልማድ ነው። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፤ የጠፋበት ቤት ልጁን ገል አስይዞ ወደ ጎረቤት ይልካል፤ ጎረቤትም እሳቱን ጭሮ ይሰጣል። እሳት ተካፍሎ የማያልቅ በረከት ነውና የሰጪው ምድጃ አይጎድልበትም። ልጆች ከአያታቸው ጋር በአንድ ቁርበት ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ ከወዲያ በኩል የታሰሩት ከብቶች ትንፋሽም ቤቱን ያሞቀዋል።

ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት አይገባንም። የላስታ ሰው እሳት እያዳፈነ ያደረበት ቤት ሣር ክዳን ነበረ፤ ጢሱ በክዳኑ መካከል ሾልኮ ይወጣል። እርሱም ቢሆን የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ሳይጎዳ አልቀረም። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ግድግዳው በሲሚንቶ በተለሰነ፣ መስኮቱ በመስታወት በተገጠመ ቤት ውስጥ እንኖራለን። ቡና የተፈላበትን ከሰል «ጢስ የለውም» ብለን ወደ መኝታ ክፍል አስገብተን በር መዝጋት ለሞት በር መክፈት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፤ አይሸትም። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ይይዛል፤ ራስን ያሳምማል፤ ያስመልሳል፤ ቀጥሎም እንቅልፍ የሚመስል ድካም ያመጣል። የተኛው ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ቤት ከገባም መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊት ፍሙ ከቤት ይውጣ። ራሱን የከበደው ሰው ቢኖር ሁሉም ፈጥኖ ወደ አየር ይውጣ፤ ታማሚውም ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ውድ አንባብያን፣ ጌታችን የተወለደው በብርድ ወራት በከብቶች በረት እንደሆነ፣ እንስሳቱም በትንፋሻቸው እንዳሟሟቁት አበው ሲያስተምሩን ኖረዋል። በዚያ ሌሊት በቤተ ልሔም እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ማደሪያ አላገኙም፤ ደጅ ተዘግቶባቸው ነበር። በላሊበላ ግን የአገሬው ሰው ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ተቀብሎ እግሩን ያጥባል፤ ካለው ላይ ያበላዋል፤ ያሳድረዋል።

እኛም በዚህ በዓል መብራት ቢጠፋ በር ዘግተን ከፍም ጋር ብቻችንን አንደር። ብቻዋን ያለችውን ባልቴት፣ ልብስ የሳሳበትን ጎረቤት እንጥራ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ እንካፈል። የሰው ትንፋሽ የሰበሰበው ሙቀት ማንንም አይገድልም። በበረት የተወለደው ጌታ በየቤታችሁ ብርሃኑን ያብራ፤ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።