ከሮም እስከ ደብረ ማርቆስ፦ አንድ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት እንዴት ይጓዛል?

ሮም ውስጥ በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የምትኖር አንዲት እናት፣ የልጇን የአርባ ቀን ክርስትና ፎቶግራፍ ደብረ ማርቆስ ላሉት እናቷ በዋትስአፕ ላከች እንበል። ከምስሉ ሥር አንድ ግራጫ ራይት ይታያል። ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ሰዓታትም ያልፋሉ፤ ሁለተኛው ራይት አይመጣም። እንዲህ ሲያጋጥመን «ኔትወርክ የለም» ብለን እንተወዋለን። ይሁን እንጂ ኔትወርኩ የጠፋው የት ላይ ነው? ሮም ካለው ቤት ውስጥ ነው? በሜዲትራኒያን ባሕር ሥር ነው? ጂቡቲ ላይ ነው? ወይስ ከአያትየው ቤት አጠገብ በቆመው የሞባይል ማማ ላይ? ይህን ለመለየት ፎቶግራፉን ተከትሎ መንገዱን መጓዝ ያስፈልጋል።

መነሻችን የምልክቱ ትርጉም ይሁን። በዋትስአፕ የሚላክ ነገር ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ አይተላለፍም፤ በመካከሉ የድርጅቱ ሰርቨር፣ ማለትም ሌት ተቀን ሥራ ላይ ያለ ተረካቢና አስረካቢ ኮምፒዩተር አለ። አንድ ራይት «ሰርቨሩ ተረክቦኛል» ማለት ሲሆን፣ ሁለት ራይት ደግሞ «ከተቀባዩ ስልክ ደርሻለሁ» ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ራይት ያየችው እናት ሞደሟን አጥፍታ ብታበራ ምንም አይፈይድላትም፤ የእርሷ ወገን ድርሻውን ጨርሷል። በራይቱ ቦታ የሰዓት ምልክት ብቻ ከቀረ ግን ችግሩ እዚያው ቤቷ ውስጥ፣ ወይም ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ ነው።

የቤቱ በር

ስልኩ ከሞደሙ ጋር የሚነጋገረው በሬዲዮ ሞገድ ነው። ዋይፋይ የምንለው የአጭር ርቀት ሬዲዮ ሲሆን፣ በአብዛኛው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ ይሠራል። ከፍተኛው ድግግሞሽ ብዙ መረጃ በፍጥነት መሸከም ይችላል፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይዳከማል። በአሮጌዎቹና ግድግዳቸው ወፍራም በሆነው የሮም ሕንፃዎች ውስጥ፣ ሳሎን ላይ የሚበረው ዋይፋይ መኝታ ቤት ሲደርስ የሚልፈሰፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞደሙ ሌላም ሥራ አለው። በቤቱ ያሉት ስልኮች፣ ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ እያንዳንዳቸው የውስጥ አድራሻ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ከደጅ ውጭ ዋጋ የለውም፤ ያው ቁጥር በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሌሎች ቤቶችም ይገኛል። የውጭው ዓለም የሚያውቀው ለቤቱ በሙሉ የተሰጠውን አንድ አድራሻ ብቻ ነው። አገር ቤት ደብዳቤ የተቀበለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ደብዳቤ ወደ መኖሪያ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይላካል፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ስንት ሠራተኛ ደብዳቤ ይቀበልበታል! ማን የማን እንደሆነ ለይቶ የሚያድለው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ሞደሙም እንደዚያው የትኛው ስልክ ምን እንደላከ እየመዘገበ፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያስረክባል። ለዚህ ዘዴ ያበቃው የቁጥር እጥረት ነው፤ እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የቆየው የአድራሻ ሥርዓት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ቁጥሮች ብቻ ነው ያሉት።

ሐውልቱና ፎቶግራፉ

ፎቶግራፉ ከቤት የሚወጣው እንዳለ አይደለም። እንዴት እንደሚወጣ ለማስረዳት ከሮም የተሻለ ከተማ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ፖርታ ካፔና በተባለው አደባባይ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን የተዘረፈው የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱም 160 ቶን ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ድንጋይ እንዳለ በአውሮፕላን መውሰድ አስቸጋሪ ነበር፤ ስለዚህ በ2003 እ.ኤ.አ. በሦስት ተከፍሎ ወረደ። ክፍሎቹ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ አክሱም የተወሰዱት በኤፕሪል 2005 እ.ኤ.አ.፣ በ19፣ በ22 እና በ25ኛው ቀን ነበር። አስቀድሞ የደረሰው የመካከለኛው ክፍል ነው። ማንም ግን «ከመካከል የሚጀምር ሐውልት የት አለ?» ብሎ አልተደናገጠም፤ የእያንዳንዱ ክፍል ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና። በ2008 እ.ኤ.አ. ሐውልቱ በቀድሞ ስፍራው ተገጣጥሞ ቆመ።

ኢንተርኔትም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። መረጃ የሚጫንባቸው መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት ልክ የተወሰነ ነው፤ በብዛት የሚሠራበት ልክ 1,500 ባይት ነው። ዋትስአፕ የክርስትናውን ፎቶግራፍ ጨምቆ ወደ 300 ኪሎባይት ቢያወርደው እንኳ ከ200 በላይ ቁራጮች ይወጡታል። እነዚህ ቁራጮች ፓኬት ወይም እሽግ ይባላሉ። በእያንዳንዱ እሽግ ግንባር ላይ የላኪው አድራሻ፣ የተቀባዩ አድራሻና የቅደም ተከተል ቁጥር ይጻፋል። በመንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች የሚያነቡት አድራሻውን ነው፤ ይዘቱ የተመሠጠረ በመሆኑ በእሽጉ ውስጥ የሕፃን ፎቶግራፍ ይኑር የሂሳብ ደረሰኝ ማወቅ አይችሉም።

ምሳሌው የሚያበቃበት ቦታ አለ፤ ያም ቦታ ዋናው ቁም ነገር ነው። ከሐውልቱ ክፍሎች አንዱ ቢጠፋ መተኪያ አልነበረውም። እሽግ ቢጠፋ ግን ቅጂው ከላኪው ዘንድ አለ። ተቀባዩ ወገን «እስከዚህ ቁጥር ድረስ ደርሶኛል» የሚል የርክክብ ቃል በየጊዜው ይመልሳል፤ ይህ ቃል ከዘገየ ላኪው የጎደለውን ደግሞ ይልካል። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው፤ መስመሩ ፍጹም ይሁን ብለው አልጠበቁም፤ ጥፋት እንደሚኖር ቆጥረው የሚታረምበትን ሥርዓት በሁለቱ ጫፎች ላይ አስቀመጡት።

የዚህ ጣቢያ ተመልካቾች በየቤታቸው ከሚያውቁት የሳተላይት ሳህን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። የቴሌቪዥን ስርጭት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ሳተላይት ለሁሉም በአንድነት የሚወርድ የአንድ ወገን ንግግር ነው። ሳህኑ ተቀባይ ብቻ ነው፤ ዝናብ ምስሉን ቢበጣጥሰው «ያልደረሰኝ አለና ድገሙልኝ» የሚልበት መንገድ የለውም። ኢንተርኔት ግን በሳተላይትም በኬብልም ቢሄድ ምልልስ ነው። ጣሊያን ራሷ ኤፕሪል 30 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ከፒሳ ወደ አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገናኝ፣ እሽጎቹ ከሮም በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የፉቺኖ የሳተላይት ጣቢያ በኩል ነበር ያለፉት።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የጠፋውን እሽግ አይጠብቅም፤ ዘግይቶ የደረሰ ቃል ለንግግር አይጠቅምምና ጥሎት ያልፋል። ጥሪው የሚቆራረጠው ስለዚህ ነው። የተቀዳ የድምፅ መልእክት ግን እንደ ፎቶግራፉ እስኪሟላ ይጠበቃል፤ ቢዘገይም ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። መስመሩ ደካማ በሆነበት ቀን «ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» እየተባባሉ ከመድከም ድምፅን ቀድቶ መላክ ይሻላል።

ከሳን ሎሬንዞ እስከ ጂቡቲ

ከቤት የወጡት እሽጎች በአገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ኬብል ይጓዛሉ። ኩባንያዎች ብዙ ናቸውና አንዱ ለሌላው የሚያስረክብበት ገበያ ያስፈልጋል። በሮም ይህን የሚያከናውነው ናሜክስ የተባለው የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን የሚገኘውም ከተርሚኒ ብዙ በማይርቀው የሳን ሎሬንዞ ሠፈር ነው። እንዲህ ያለ ማዕከል ባይኖር፣ በተለያዩ ኩባንያዎች የሚጠቀሙ ሁለት የሮም ጎረቤታሞች የሚለዋወጡት መረጃ ሌላ ከተማ ደርሶ ለመመለስ ይገደድ ነበር።

ፎቶግራፉ ሰርቨሩ ዘንድ ከደረሰና የመጀመሪያው ራይት ከታየ በኋላ ሁለተኛው ጉዞ ወደ ኢትዮጵያ ይሆናል። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ከሚያመሩት መንገዶች ዋነኛው የባሕር ሥር ኬብል ነው። ለምሳሌ ሲ-ሚ-ዊ 5 የተባለው፣ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ኬብል ሲሲሊ ውስጥ ካታኒያ ላይ ይወጣል፤ ኤኤኢ-1 የተባለው ሌላው ኬብል ደግሞ ባሪ ላይ። ሁለቱም በግብፅ በኩል አልፈው፣ ቀይ ባሕርን አቋርጠው ጂቡቲን ይነካሉ። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም ከዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው በሮች ዋነኛው ጂቡቲ ነው፤ በኬንያ በኩልም መስመር አላት።

በእነዚህ ኬብሎች ውስጥ የሚሮጠው በቀጭን የመስተዋት ክር ውስጥ እየበራና እየጠፋ የሚሄድ ብርሃን ነው። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሮምና አዲስ አበባ በአየር 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ ቀጥተኛ ኬብል ቢኖር ኖሮ ጉዞው የሴኮንድ አርባኛ እንኳ ባልፈጀ ነበር። የባሕሩ መንገድ ጠመዝማዛ በመሆኑ ከዚህ ይረዝማል፤ ያም ቢሆን ዓይን ጨፍኖ ከመግለጥ አይበልጥም። መልእክት በሰዓታት ሲዘገይ ጥፋቱ የርቀቱ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኬብል ይበጠሳል። በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. በሁቲ ታጣቂዎች የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ በቀይ ባሕር ስትንሳፈፍ መልሕቋ የባሕሩን ወለል እየጎተተ፣ ኤኤኢ-1ን ጨምሮ ሦስት ኬብሎችን እንደጎዳ ይታመናል። በመላው አካባቢ ፍጥነት ቀነሰ፤ ግንኙነት ግን አልጠፋም። ራውተሮች የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ዘወትር እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሲዘጋ እሽጎቹን ወደ ሌላው ያዞራሉ። ሁለት ተከታታይ እሽጎች በተለያየ መንገድ ተጉዘው መድረሻቸው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

አንድ በር ብቻ ያለበት ቦታ

ይህ ብርታት ግን የመረቡ መካከል ብርታት ነው። በውቅያኖስ ላይ አሥር መንገድ ቢኖርም፣ አያትየው ስልክ ዘንድ የሚደርሰው የመጨረሻው መንገድ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከአዲስ አበባ የተዘረጋው ፋይበር፣ ከዚያም ማማው፣ ከማማውም ወደ ስልኩ የሚሄደው ሬዲዮ። መብራት ጠፍቶ የማማው ባትሪ ካለቀ፣ ወይም ቁፋሮ ፋይበሩን ከቆረጠው፣ የሚዞርበት መንገድ የለም።

ሆን ተብሎ የሚደረግ መዝጋትም የሚፈጸመው በዚህ በር ላይ ነው። በትግራይ ከኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአማራ ክልልም ከኦገስት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወራት እንደታየው፣ የሞባይል ኢንተርኔት እንዲቋረጥ ሲደረግ ባሕር ውስጥ የተነካ ኬብል አልነበረም። አገር ውስጥ ያሉት የአገልግሎት ሰጪው መሣሪያዎች ለአንድ አካባቢ ስልኮች ዳታ እንዳያደርሱ ትእዛዝ ከተሰጣቸው በቂ ነው። የድምፅ ጥሪ የሚያልፈው በሌላ የአሠራር መስመር ስለሆነ፣ ዳታ ተዘግቶም መደበኛ ስልክ ሊሠራ ይችላል። በአማራ ክልል ዋትስአፕ ዝም ባለበት ወቅት ብዙዎች ከአውሮፓ በውድ ዋጋ ቀጥታ ይደውሉ የነበረው በዚህ የተነሣ ነው።

የክርስትናው ፎቶግራፍ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስልኩ ከመረቡ ጋር በተገናኘ ቅጽበት ይላካል፤ ሁለተኛው ራይትም ይታያል። ይሁንና ጥበቃው ገደብ አለው፤ ዋትስአፕ ያልደረሰን መልእክት የሚያቆየው ለ30 ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሰርቨሩ ይሰርዘዋል። መዘጋቱ ከአንድ ወር ካለፈ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ኢንተርኔት ሲከፈት ያ ፎቶግራፍ አይመጣም። ሮም ባለው ስልክ ላይ አንዱ ግራጫ ራይት እንዳለ ይቀራል፤ እናትየው ምስሉን እንደገና ካልላከችው በቀር አያትየው መላኩንም አያውቁም።