ውሃው ሲጠራ እንግዳው ይመጣል

የጥቅምት ወር ሊገባደድ ሲቃረብ፣ ከአቃቂ በስተ ደቡብ በተዘረጋው ጥቁር መሬት ላይ ጤፉ እየጎመራ ሽምብራው ከአፈር ብቅ በሚልበት ሰሞን፣ ከሰሜን በኩል የሚመጡ እንግዶች አሉ። ቁመታቸው ሽመላን የሚያስታውስ፣ አንገታቸውና እግራቸው ረጅም፣ ላባቸው ግራጫ የሆነ ወፎች ናቸው። በሰልፍ ሲበሩ ጩኸታቸው ገና ከመታየታቸው በፊት ይሰማል። ቀን ቀን እህል በታጨደበት ማሳ ላይ የወዳደቀውን ይለቅማሉ፤ ሲመሽ በአባ ሳሙኤል ሐይቅና በአቃቂ ረግረግ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ወርኃ መጋቢት ሲጠባ ወደመጡበት ይመለሳሉ።

የሚመጡበት አገር ሩቅ ነው። የወፍ ጥናት ባለሙያዎች በሰሜን አውሮፓ፣ በተለይም በፊንላንድና በኢስቶኒያ ረግረጎች በሚራቡት የዚህ ዘር ወፎች ላይ አነስተኛ መሣሪያ አስረው በሳተላይት ሲከታተሏቸው፣ ከፊሎቹ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጠው ኢትዮጵያ መግባታቸውን አረጋግጠዋል።

ወፎቹ የሚነሱበት አገር በሐይቆቹ ጎብኚ የሚያስተናግድና ገቢ የሚያገኝ አገር ነው። ክረምቱን የሚያሳልፉበት የአቃቂ አካባቢም ሐይቅ አለው። ነገር ግን አባ ሳሙኤል ለጎብኚ ሊሰጥ የሚችለውን ያህል አልሰጠም። የልዩነቱን ምክንያት መመርመር በሐይቁ ዙሪያ ላሉት የገበሬ ማህበራት መሪዎች ጠቃሚ ትምህርት ይሆናል።

ለእንግዳ የሚቀርበው ምንድን ነው?

ፊንላንድ 5 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ሲኖራት፣ ትንንሾቹ ኩሬዎች ጭምር ሲቆጠሩ 188,000 ያህል ሐይቆች አሏት። ከሁሉም የሚሰፋው በደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የሳይማ ሐይቅ ነው። ወደዚህ አካባቢ የሚሄድ ጎብኚ የሚያገኘው ግን የተለየ ግርማ ያለው ነገር አይደለም። በውሃው ዳር ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ጎጆ፣ አጠገቧ በእንፋሎት የሚታጠቡባት ሳውና የምትባል ቤት፣ አንዲት የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ዓሣ ማጥመጃ መንጠቆና ጸጥታ ናቸው። በአገሪቱ እንዲህ ያሉ የበጋ ጎጆዎች ከ500,000 በላይ እንደሚሆኑ ተቆጥሯል። በሐይቅ ዳር መሬት ያላቸው ገበሬዎች ከእርሻቸው ጎን ለጎን ጎጆ ያከራያሉ፤ የእርሻቸውን ውጤትም ለእንግዳው ይሸጣሉ።

ማንኛውም ሰው የሌላውን ሰብል እስካልረገጠና ወደ ግቢው እስካልገባ ድረስ በጫካው ውስጥ እንዲያልፍ፣ የዱር ፍሬና እንጉዳይ እንዲለቅም በአገሪቱ የቆየው ልማድና ሕግ ይፈቅድለታል። እንግዳው ነፃነት ያገኛል፤ ገበሬውም ሰብሉ ይጠበቅለታል።

ሐይቁም ታሞ ነበር

የፊንላንድ ሐይቆች ሁሉ ዘወትር ንጹሕ ሆነው የኖሩ የሚመስለው ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ከዋና ከተማዋ ከሄልሲንኪ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የላህቲ ከተማ ለብዙ ዓመታት ፍሳሽዋን የምትለቀው በአጠገቧ ወዳለው ወደ ቬሲያርቪ ሐይቅ ነበር። ውሃው አረንጓዴ ዝቃጭ ለበሰ፤ ለመዋኛም ሆነ ለመዝናኛ የማይመች ሆነ።

ከተማዋ በ1976 እ.ኤ.አ. ፍሳሹን ከሐይቁ አራቀች። ይሁን እንጂ ለዘመናት በጭቃው ውስጥ የተከማቸው ቆሻሻ ሐይቁን ማወኩን አላቆመም። ከዚህ በኋላ የከተማው አስተዳደር፣ ተመራማሪዎችና በሐይቁ ዳር ያሉ አጥማጆች ተባብረው ከ1987 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. የቆየ ሥራ አካሄዱ። ጭቃውን የሚያናውጡትንና ውሃውን የሚያጠሩ ጥቃቅን ነፍሳትን የሚበሉትን ዓሦች በመረብ እየጎተቱ ወደ 1,000 ቶን ገደማ አወጡ፤ በምትካቸው ትንንሽ ዓሦችን የሚበላ ዝርያ ጨመሩ። ውሃው ጠራ። ላህቲም በ2021 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ አረንጓዴ መዲና ተብላ ተመረጠች። ሥራው በቅደም ተከተል የተካሄደ እንደነበር ልብ ይሏል። መጀመሪያ የፍሳሹ ምንጭ ተዘጋ፤ ቀጥሎ ሐይቁ ታከመ።

አባ ሳሙኤል ምን አለው?

አባ ሳሙኤል የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የአቃቂ ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ ያገኘችበት የመጀመሪያው ጣቢያ የተሠራው እዚሁ ነው። የማመንጨት አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ጣቢያው ከደለሉ ብዛትና ከእርጅና የተነሣ ለአሥርተ ዓመታት ከሥራ ውጭ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል።

በመሆኑም ለጎብኚ የሚታይ ነገር አይጎድልም። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ታሪክ የተጀመረበት ግድብ አለ፤ በዓለም የወፍ ተመልካቾች መዝገብ የሰፈረ ረግረግ አለ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያለበት ከተማም በአጠገቡ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙት የቢሾፍቱ ሐይቆች በእረፍት ቀን ስንት የከተማ ሰው እንደሚስቡ የአቃቂ ነዋሪ በዓይኑ ያያል። መንገዱ በደጁ ነውና።

አባ ሳሙኤልን ከዚህ ዕድል ያራቀው የውሃው ሁኔታ ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ወንዞች ሰብስበው በመጨረሻ የሚገናኙት በዚህ ሐይቅ ውስጥ ነው። ከመኖሪያ ቤት፣ ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከሌላም ኢንዱስትሪ የሚለቀቀው ሁሉ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሳሹ የሚያፋፋው እምቦጭ በውሃው ላይ ይንሰራፋል። ጉዳቱ በመዝናኛ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በአቃቂ ወንዝ በሚለማ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለጤና የሚያሰጉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። ከብቱ የሚጠጣውም ይህንኑ ውሃ ነው። ላይኛው ቆሻሻውን ለቆ ይገላገላል፤ ታችኛው ይቀበላል።

በአገር ውስጥ ያለ ምሳሌ

ሐይቅ ለገበሬ ገቢ መሆን እንደሚችል ለማየት እስከ ፊንላንድ መሄድ አያስፈልግም። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው የወንጪ ሐይቅ ማስረጃ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች በማህበር ተደራጅተው ለእንግዳ ፈረስ ያከራያሉ፤ መንገድ ይመራሉ፤ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ያሻግራሉ። ተራ በመጠበቅ የሚሠሩ በመሆናቸው ገቢው በአንድ ሰው እጅ አይቀርም። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ለመሆን በቅቷል። የወንጪ ሀብት ፈረሱና ጀልባው ብቻ አይደለም። ውሃው ንጹሕ ነው፤ የከተማ ፍሳሽ አይወርድበትም።

ከማህበራት የሚጠበቀው

የከተማውን ፍሳሽ መግታት ከገበሬ ማህበር አቅም በላይ ነው። ድምፅ ማሰማት ግን ከአቅም በላይ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው በግል የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ መብት ሰጥቷል። አቤቱታው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚቻልም ደንግጓል። የውሃው ቀለም የተለወጠበትን ቀን፣ ዓሣ የሞተበትን ወይም ከብት የታመመበትን ቦታ በመዝገብ የሚይዝ ማህበር አቤቱታው ክብደት ይኖረዋል። በየስብሰባው ማማረር ብቻውን ሰሚ አያገኝም።

በማህበሩ እጅ ያለ ሥራም አለ። እስከ ውሃው ጫፍ ማረስ ደለሉን ያበዛል፤ ሐይቁንም ያጠበዋል። በዳርቻው ጥቂት እርምጃ ያህል ሳርና ቄጠማ ቢተው አፈሩን ይይዛል፤ ለከብት የሚታጨድ መኖም ይሰጣል። እምቦጭ ገና በትንሹ ሲታይ በደቦ መንቀል፣ ሐይቁን ካለበሰ በኋላ ከሚመጣው ድካም ያድናል። የተነቀለውም ከውሃው ርቆ መድረቅ አለበት፤ በዳር ከተተወ ተመልሶ ይበቅላልና።

የወፎቹም ጉዳይ በግልጽ ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው። በቡቃያ ላይ ሲያርፉ ገበሬው ቢከፋ አይፈረድበትም። የታጨደ ማሳ ላይ ሲሆኑ ግን የሚለቅሙት የወዳደቀ እህል ነውና ጉዳት የለውም። ቡቃያውን በጊዜው መጠበቅ፣ ከታጨደው ማሳና ከማደሪያቸው ግን አለማባረር ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ወፍ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ትልቅ ሆቴል አይጠይቅም። ማደሪያቸውን የሚያውቅ፣ ጎህ ሳይቀድ ይዞት የሚሄድ የአካባቢ ልጅና በኋላ የሚጠጣው ቡና ይበቃዋል። ጥቂት ወጣቶችን ለዚህ ማዘጋጀት ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚያድገው ከውሃው ጋር ነው። ግራጫዎቹ ወፎች እስከዛሬ በየዓመቱ ወደ አቃቂ ይመለሳሉ፤ የሚያድሩበት ውሃና የሚለቅሙት እህል ካገኙ ሌላ አይጠይቁም። ሰው የሆነ እንግዳ ግን በሚሸት ውሃ ዳር ምሳውን አይፈታም። ላህቲ ፍሳሽዋን ከሐይቁ ካራቀች በኋላ ውሃው እስኪጠራ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። የአባ ሳሙኤል ገበሬዎች ዛሬ ቢጀምሩ ፍሬውን በሙሉ የሚያዩት ልጆቻቸው ይሆናሉ። ከብቱ ግን ነገም ከዚያው ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሥራው እንግዳ እስኪመጣ ሊቆይ አይገባውም።