ስለ ዓባይ በረሃ መንገድና ስለ ዝናም ኃይል

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን ሲያልፍ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ደጀን ይወጣል። ቍልቍለቱና ዳገቱ ባንድነት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጎጃም ጤፍ ወደ አዲስ አበባ፥ የከተማውም ሸቀጥ ወደ ጎጃም የሚመላለሰው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ናዳ በዘጋው ጊዜ ጉዳቱ ለሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም ለሸማቹም ይተርፋል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የመንገዱ ጠላት ማን እንደ ሆነና በዘመናችን ለምን እንደሚያሰጋ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የመሬቱን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። በአፋፉ ላይ ያለው ድንጋይ ጥቁር ባዛልት ነው፤ ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ፥ ቀጥሎም ጂፕሰምና ከጭቃ የረጋ ድንጋይ፥ ወደ ወንዙ ሲቀርቡም የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ባዛልቱ የተሰነጣጠቀ ስለ ሆነ የክረምቱ ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ ይወርድና ከታች ያለውን ለስላሳ ድንጋይ፥ በዳገቱም ላይ የተከመረውን ልቅ አፈር ያርሰዋል። የራሰ አፈር ክብደቱ ይጨምራል፤ እርስ በርሱ የመያያዝ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። በመጨረሻም መንገዱን እንደ ተሸከመ ይንሸራተታል። እንግዲህ በአስፋልቱ ላይ የሚታየው ስንጥቅ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም።

ለዚህም ማስረጃ አለ። መንገዱ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ታድሶ፥ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ። ይሁን እንጂ መሬቱ መንቀሳቀሱን ስላልተወ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስለ ናዳው መከላከያ ራሱን የቻለ ጥናት ማድረግ አስፈለገ።

አሁን ደግሞ የምድር ሙቀት እየጨመረ ነው። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል አየር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የዓመቱ ዝናም ድምር ባይለወጥ እንኳ ባንድ ሰዓት የሚወርደው ሊበረታ ይችላል። ቦይንና ቱቦን የሚያሸንፈውም ይህ የአንድ ሰዓት ዝናም ነው። መሐንዲስ የቱቦውን ስፋት የሚወስነው ባለፉት ዓመታት የዝናም መዝገብ ነው፤ ያለፈው ዘመን ግን ለሚመጣው በቂ ዋስ መሆኑ ቀርቷል።

መድኃኒቱ ምንድር ነው? አንደኛ፥ ቱቦ በሚለወጥበት ጊዜ ሰፋ ያለውን መምረጥ ነው። የ60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በ90 ሳንቲ ሜትር ቢተካ የአፉ ስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ መንገዱ ዘንድ ሳይደርስ በቦይ ማዞር፥ የሰረገውንም በተቀበረ ቧንቧ ማስወጣት ነው። ሦስተኛውና ርካሹ፥ ግንቦት ሳያልቅ ቦዩን ሁሉ መጥረግ ነው። በደለል የተደፈነ ቱቦ፥ የቱን ያህል ሰፊ ቢሆን፥ እንዳልተሠራ ይቈጠራል።

እርግጥ ነው፥ ይህ ሁሉ ናዳን ፈጽሞ አያስቀርም፤ መሬቱ ጨርሶ በማይረጋበት ስፍራ መንገዱን ማዛወር ግድ ይሆናል። ነገር ግን ለአዲስ አስፋልት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለአካፋና ለጠራጊ ቀለብ መሰሰት ትክክለኛ ሒሳብ አይመስለንም። መንገድ የሚመረቀው አንድ ቀን ነው፤ ክረምት ግን በየዓመቱ ይመጣል።