ሮም፦ የመጀመሪያው ቀን ለእግር

ከአዲስ አበባ ሌሊቱን የተነሳ አውሮፕላን ሮም ፊውሚቺኖ የሚያርፈው ማለዳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓን የሚረግጥ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ስልኩ ላይ ረጅም ዝርዝር ይዞ ይወርዳል፦ ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ሲስቲን ጸሎት ቤት፣ ሁሉም በዛሬው ቀን። ብዙ አገር የዞረ ሰው ግን ዝርዝሩን ለነገ ያሳድረዋል። በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ሻንጣውን የሚያስቀምጥበት ቦታና የለመደው ጫማ ብቻ ነው።

ምክንያት አለው። የኮሎሲየም ትኬት የሚቆረጠው በጎብኚው ስምና በተወሰነ ሰዓት ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ከዘገየ ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያደረ ሰው ደግሞ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያንቀላፋል እንጂ የአስጎብኚውን ማብራሪያ አይሰማም። የእግር ጉዞ በአንጻሩ እንቅልፍ ያባርራል፤ የከተማዋንም አቀማመጥ ያስይዛል። የሮም መካከለኛ ክፍል ካርታ ላይ እንደሚያስፈራው ሰፊ አይደለም። ከዋናው ባቡር ጣቢያ እስከ ፓንቴዮን ግማሽ ሰዓት ያህል ቢያስኬድ ነው።

አገር ቤት ሰዓት ለለመደ ሰው አንድ ሥራ ይጨመርበታል። ሮም ከአዲስ አበባ በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በዚያ ላይ ጣሊያኖች የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። የእነሱ “9” የኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሆኑን የዘነጋ ባቡር ያመልጠዋል።

ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስቶ የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ይገባል። የጣቢያው ስም የመጣው አጠገቡ ከሚገኘው የንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የሕዝብ መታጠቢያ ነው። ከበሩ ወጣ ሲባል የሚገጥመው ሰፊ አደባባይ ደግሞ “ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ”፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አብዛኛው ቱሪስት ኪስ አውላቂ እየተጠነቀቀ አደባባዩን በጥድፊያ ያቋርጣል። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ግን ቆም ማለት አለበት፤ “አምስት መቶዎቹ” እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው።

መታሰቢያቸው ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ ከመንገድ ዳር ባለ አነስተኛ የአትክልት ቦታ ውስጥ ቆሟል። አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ እንኳን የራሳቸው አይደለም፤ በግብፁ ዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የተጠረበ ነው። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከሥሩ ተቀምጦ ነበር። ወጣቱ ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 በቁጣ የተነሳው እዚሁ ነው። ተይዞ ወደ አገሩ ሳይመለስ እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያው ጣሊያን ውስጥ አረፈ። አንበሳው ግን ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት ቆሟል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ወደ መሃል ከተማ ነው። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይሆንም። የአውቶቡስ መጠበቂያው ምሰሶ ላይ “ፌርማታ” ተጽፏል። ጎማ የሚጠግነው “ጎሚስታ” ነው፤ ዳቦ ቤቱ “ፎርኖ”፤ ገንዘብ የሚመነዘርበት “ካምቢዮ”። ቡና ጠጪው የሚደገፈውም አዲስ አበባ ውስጥ የምናውቀውን ባንኮኒ ነው። በባንኮኒው ቆሞ የሚጠጣ ሰው ብዙ ቦታ ከተቀመጠው ያነሰ ይከፍላል፤ ስለዚህም የከተማዋ ሰው ቡናውን ቆሞ በሁለት ጉንጭ ጨርሶ ይወጣል።

ወጥመዱ ማኪያቶ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ “ጠብታ የነካው” እንደማለት ነው። ሮም ላይ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት በትንሽ ስኒ ወተት ጠብ ያለበት ጥቁር ቡና ነው። የአገር ቤቱን ዓይነት የሚፈልግ ካፑቺኖ ቢል ይሻለዋል። “ላቴ” ብቻ ብሎ ያዘዘ ደግሞ ቡና የሌለበት ወተት ቢመጣለት አይገረም፤ የጠየቀው እሱን ነው።

ውሃ መግዛት አያስፈልግም። በከተማዋ 2,500 ያህል የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ያለማቋረጥ ይፈስሳሉ። የመጀመሪያዎቹ የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። አፋቸው ስለተቆለመመ ሕዝቡ “ናሶኒ”፣ ትልልቅ አፍንጫዎች ይላቸዋል። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ፊን ብሎ ስለሚወጣ ጎንበስ ሳይሉ መጠጣት ይቻላል። ነዋሪና እንግዳ የሚለየው በዚህች ብልሃት ነው።

የትሬቪ ፏፏቴም ያው የውሃ ታሪክ ነው። በኒኮላ ሳልቪ ንድፍ ተሠርቶ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1762 ቢሆንም፣ ውሃው የሚመጣበት መስመር የተዘረጋው ክርስቶስ ከመወለዱ 19 ዓመት በፊት በማርቆስ አግሪጳ ነው። ጎብኚ ጀርባውን ሰጥቶ የሚወረውረው ሳንቲም እየተለቀመ ለካሪታስ የበጎ አድራጎት ሥራ ይውላል። ቀን ላይ ትከሻ ለትከሻ የሚያስገፋው ሕዝብ ማለዳ ስለማይኖር፣ በሌሊት በረራ የገባ መንገደኛ እዚህ ላይ ተጠቃሚ ነው።

ከትሬቪ ወደ ፓንቴዮን የሚወስደው ጠባብ መንገድ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ የአዲስ አበባን ኮብልስቶን የሚያስታውስ፣ ግን በዘመናት ብዛት ተፍቆ የሚያንሸራትት። ፓንቴዮን በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን ከተሠራ 1,900 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጉልላቱ 43 ሜትር ይሰፋል፤ ብረት ሳይገባበት በኮንክሪት ከተሠሩት ጉልላቶች የሚበልጠው ዛሬም የለም። ምስጢሩ ክብደቱ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ከታች ከባድ ድንጋይ እየቀላቀሉ ጀምረው፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እየቀለለ የሚሄድ ድንጋይ ተጠቅመዋል፤ አናቱንም ክፍት ተውት። ዝናብ ሲገባ ወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ መግቢያው በክፍያ ነው። ልምድ ያለው ሰው ሰልፉ ከረዘመ ነገን ይጠብቃል።

ለነገ በተተወው ዝርዝር ላይ ቫቲካን አለች። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በግዕዝ አዲስ ኪዳንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተሙት እዚሁ ሮም ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ነበር። ቦታው በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ዘው ተብሎ የሚገባበት አይደለም፤ አስቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ይወጣል። ማይክል አንጄሎ በነደፈው አደባባይ በኩል ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ለዞረ ሰው የጥንቱ የሮም መድረክ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ያለ ትኬት። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 አመሻሽ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ሯጮች የተነሱት ከዚህ ኮረብታ ግርጌ ነው።

ከኮረብታው ወርዶ፣ ሠረገላ ይሽቀዳደምበት የነበረውን ሰፊ ሜዳ አልፎ የሚገኘው ፖርታ ካፔና ለኢትዮጵያዊ የቀኑ ትልቁ ቦታ ነው፤ የሚታይ ነገር ግን የለውም። 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ክብደት ያለው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ፣ ኋላ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ነበር። ጣሊያን እንደምትመልስ በ1947ቱ የሰላም ውል ፈረመች። ሐውልቱ አገሩ የገባው ግን ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን ነው። አክሱም ላይ ዳግም የቆመው በ2008 ነበር።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ እዚህ ሲደርስ ሐውልቱ ገና ሮም ነበር። በጉብኝታቸው ወቅት ከአሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ጋር አይተውት፣ ማፍጠን ያለበት ከዚህ ቦታ እንዲሆን ተነጋግረው ነበር። እንደተባለውም አፈተለከ። በችቦ ብርሃን በሳን ግሪጎሪዮ ጎዳና ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2፡15፡16 ይላል። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ።

ያው ጎዳና ዛሬም በዛፎች እንደታጀበ ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ይወስዳል፤ ቀስ ብሎ ለሚራመድም ሩቅ አይደለም። ቅስቱን ከውጭ ለማየት ገንዘብ አይጠየቅም። አጠገቡ ያለው የኮሎሴዮ የምድር ባቡር እግሩ የዛለውን መንገደኛ በሁለት ፌርማታ ተርሚኒ ያደርሰዋል።