ጉናን የሚጠብቀው የማን ገንዘብ ነው?

«የውጭ መንግሥት ለተራራችን ገንዘብ ከሰጠ ነገ ተራራውን ይወስደዋል።» በደቡብ ጎንደር፣ ከጋይንት እስከ እስቴ፣ ወርዶም እስከ ስማዳ፣ የተራራ መከለል ወሬ ሲነሳ እንዲህ ያለ ስጋትም ይነሳል። ስጋቱን ንቆ ማለፍ አይገባም። ግን አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ኢትዮጵያ በ1994 (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያጸደቀችው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት እያንዳንዱ አገር በተፈጥሮ ሀብቱ ላይ ሉዓላዊ መሆኑን ይደነግጋል። ገንዘብ የሰጠ መንግሥት በምላሹ መሬት አይረከብም። ታዲያ የስሜን ተራሮች ፓርክስ ነገር? የኦስትሪያ መንግሥት ፓርኩን ለዓመታት ደግፏል፤ በ2016 ደግሞ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ዩኔስኮም ስሜንን ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት የአደጋ መዝገብ በቀጣዩ ዓመት ሰረዘው። ይህን የሰማ የላይ ጋይንት ገበሬ ቢፈራ አልፈርድበትም፤ ከአባት መሬት መነሳት ከባድ ነው። ነገር ግን የማስነሳቱ ውሳኔ የራሳችን መንግሥት ነበር። የካሳም ሆነ የመቋቋሚያ ጥያቄ የሚቀርበው ለእርሱ ነው።

ከእጃችን ሊያመልጥ የነበረው መሬት ሳይሆን ዘር ነው። በ2005 ኢትዮጵያ ስለ ጤፍ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመች። ኩባንያው የጤፍ ዱቄትን በአውሮፓ በፓተንት አስመዘገበ፤ ኋላ ከሰረ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ይህ የንግድ ውል እንጂ የመንግሥት እርዳታ አልነበረም። የመንግሥት እርዳታ ምን እንደሚሠራ ማየት የፈለገ አዲስ አበባ ያለውን የዘር ባንክ ይመልከት። በ1976 ከምዕራብ ጀርመን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ፤ ዛሬ ከ80,000 በላይ ናሙናዎች አሉት። ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከጥፋት በማዳናቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ገንዘቡ የጀርመን ቢሆንም የጎተራው ቁልፍ ከአገር አልወጣም።

ሌላው ተረት «ገንዘቡ ችሮታ ነው» የሚለው ነው። አይደለም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱ ሀብታም አገሮች ለድሆቹ ገንዘብ እንዲያዋጡ ግዴታ ይጥልባቸዋል፤ በታኅሣሥ 2022 ሞንትሪያል ላይ መጠኑ በ2025 በዓመት 20 ቢሊዮን፣ በ2030 ደግሞ 30 ቢሊዮን ዶላር እንዲደርስ ተወስኗል። ሆኖም ዶላሩ በሻንጣ ተሞልቶ አይመጣም። ለምሳሌ የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ የተባለው ፈንድ የሚሰጠው ገንዘብ እንደ ዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ባሉ ድርጅቶች በኩል ያልፋል፤ ተቀባዩም አገር የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

ወደ አካባቢያችን የደረሰው ብዙው ገንዘብ ደግሞ የብዝኃ ሕይወት ስም እንኳ የለውም፤ ሴፍቲኔት ነው። ከ2005 ጀምሮ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ መሥራት የሚችል ሰው እርከን እየሠራ፣ ክትር እየገነባ፣ የተራቆተ ገደል እየከለለ እህል ወይም ብር ተቀብሏል። ተከልሎ ከከብት ያረፈ ገደል ማንም ሳይዘራበት ሣሩና ቁጥቋጦው ይመለሳል። የለጋሾቹ ጥሬ ገንዘብ ያለ ሕዝቡ ጉልበት አንድ ድንጋይ አያነሳም፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ይኸው ሕዝብ ያለ ክፍያ ለተፋሰስ ዘመቻ ይወጣል። ለአማራ ክልል ሴፍቲኔት እህል ሲያቀርብ የኖረው የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ እርከኑን የመጠገኑ ሥራ የቀረው ለዚያው ገበሬ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «ችግኝ ከተተከለ ተፈጥሮ ተጠበቀ» የሚለው እምነት ነው። በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ መካከል ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመውን ጉናን እንይ። አናቱ የጓሳ፣ የጅብራና የአስታ አገር ነው። ርብና ጉማራ ከዚያ ተነስተው ጣና ይገባሉ። እዚያ ባሕር ዛፍ መትከል ጥበቃ አይባልም። ጉናን የጎዳው ወደ ላይ እየወጣ የሄደው የገብስ እርሻና ከልክ ያለፈ ግጦሽ ነው። በዚያ ሣር ውስጥ አይጥ እያደነ ይኖር የነበረው ቀይ ቀበሮ ዛሬ ጉና ላይ የለም። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው ይህ እንስሳ በጠቅላላ የቀረው ከ500 ያነሰ ለአካለ መጠን የደረሰ ነው። የተተከለ ችግኝ ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ይህን ጥፋት አያሳይም።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሰነድ ቀበሌያችሁ ሲደርስ በአማርኛ ይነበብላችሁ በሉ። የትኛው መሬት ይከለላል? ግጦሹ የሚዘጋበት ሰው በምን ይተካለታል? ገንዘቡ ሲያልቅ ጠባቂው ማን ነው? ዘር ወይም የመድኃኒት ቅጠል ወስዶ ሊመራመር የመጣ ካለም ፈቃዱን ያሳያችሁ። ከዚህ ከሚገኘው ጥቅም የመካፈል መብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. ተሰጥቷችኋል።