ብስክሌተኛን ቀድሞ ማለፍ፦ ርቀቱን የሚወስነው ማን ነው?

ፕሪንስዳል በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሶንድሬ ኑርድስትራንድ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ኮረብታማ የመኖሪያ ሰፈር ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ ፍጥነቱ እጅግ ይቀንሳል። ብስክሌት ደግሞ ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር ሚዛኑን ለመጠበቅ መሪውን ደጋግሞ ግራና ቀኝ ማዞር ይጠይቃል። በክረምት ወራት ከመንገዱ ተጠርጎ ዳር ላይ የሚከመረው በረዶ ብስክሌተኛውን ይበልጥ ወደ መሀል ይገፋዋል። ከኋላው የደረሰው አሽከርካሪ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መወሰን ይኖርበታል፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ይከተል ወይስ ቀድሞ ይለፍ? የሚያልፍ ከሆነስ ምን ያህል ይራቅ?

በጎረቤት አገር ስዊድን የሚገኙ የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ቅጽበት በአራት ምዕራፍ ከፍለው ያዩታል፤ መቅረብ፣ ወደ ጎን መውጣት፣ ጎን ለጎን ማለፍ እና ወደ መስመር መመለስ። ከፊት ለፊት መኪና የማይመጣ ከሆነ ብዙው አሽከርካሪ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፋል። መኪና የሚመጣ ከሆነ ግን ሁለት አማራጭ አለው፤ ፍጥነት ቀንሶ ተራውን መጠበቅ፣ ወይም በሁለቱ መካከል ተጣብቦ ማለፍ። አደጋው ያለው በሁለተኛው ምርጫ ላይ ነው።

አሽከርካሪዎች ርቀታቸውን ሲመርጡ የብስክሌተኛውን መልክና አለባበስ ያያሉ ወይ? በወቅቱ በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የነበሩት ኢያን ዎከር ይህን ለማወቅ በብስክሌታቸው ላይ በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ መሣሪያ ገጥመው ከ2,300 በላይ ተሽከርካሪዎች ሲያልፏቸው መዘገቡ። በ2007 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው እንደሚያሳየው፣ ሄልሜት ባጠለቁ ጊዜ መኪናዎቹ በአማካይ 8.5 ሴንቲሜትር ያህል ቀርበው አልፈዋል። ሴት ለመምሰል ረጅም ሰው ሠራሽ ፀጉር ባደረጉ ጊዜ ደግሞ 14 ሴንቲሜትር ያህል ርቀዋል። ተመራማሪው በጥናቱ ሂደት በአውቶቡስና በጭነት መኪና ሁለት ጊዜ ተገጭተዋል።

ይህ ውጤት ክርክር አስነሥቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ ዳግም መርምረው፣ ሄልሜት በአደገኛ ቅርበት የሚያልፉትን መኪናዎች ቁጥር እንደማይጨምር ተከራክረዋል። ሄልሜት በውድቀት ጊዜ ጭንቅላትን መጠበቁም የታወቀ ነው። ዎከር ቆየት ብለው በሠሩት ሌላ ጥናት ሰባት ዓይነት አለባበስ ሞክረዋል። ርቀቱን በጥቂቱም ቢሆን የጨመረው «ፖሊስ» የሚል ጽሑፍና ቪዲዮ እየተቀረጸ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ የያዘው ሰደርያ ብቻ ነበር። ከመቶ አሽከርካሪዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ግን ብስክሌተኛው ምንም ይልበስ ምን ከ50 ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት ያልፉ ነበር።

እንግዲያው መፍትሔው ከልብስ ይልቅ ከመንገዱ አሠራር መፈለግ አለበት ማለት ነው። እዚህም ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር አለ። በአውስትራሊያ ሜልበርን ከ18,000 በላይ የመቅደም ክስተቶች ተለክተው፣ በቀለም የተሠመረ የብስክሌት መስመር ባለበት መንገድ መኪናዎች መስመር ከሌለበት ይልቅ 27 ሴንቲሜትር ቀርበው ሲያልፉ ታይቷል። ከመስመሩ ጎን የቆሙ መኪናዎች ሲኖሩ ልዩነቱ 40 ሴንቲሜትር ደርሷል። ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም፤ አሽከርካሪው ቀለሙን እንደ ድንበር ቆጥሮ «እኔ በመስመሬ ነኝ» ይላል፤ ወደ ጎን መውጣት እንደሚገባው አያስብም።

ርቀቱ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፍጥነት የሚያልፍ ከባድ መኪና መጀመሪያ አየሩን ወደ ውጭ ገፍቶ፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስባል። ይህ ኃይል ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ያህል ያድጋል። በግጭት ጊዜም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 30 ከሚጓዘው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ይመጣል። ጀርመን በ2020 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በከተማ ውስጥ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ርቀትን በሕግ የደነገገችውም ለዚህ ነው።

የኖርዌይ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ከ1965 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ የመንገድ ተጠቃሚ አሳቢ፣ ንቁና ጥንቁቅ እንዲሆን ያዛል። ኦስሎ ግን በመልካም ፈቃድ ብቻ አልተማመነችም። በመሀል ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመኪና ማቆሚያዎችን አንሥታ ለእግረኛና ለብስክሌት ሰጠች፤ የፍጥነት ወሰንንም ዝቅ አደረገች። በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በመላው ከተማ በትራፊክ አደጋ የሞተው ሰው አንድ ሲሆን፣ እርሱም የመኪና አሽከርካሪ ነበር። በዚያ ዓመት አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ አልሞተም።

ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ለሆነባቸው ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ፣ አዳዲስ የብስክሌት መንገዶችን እየሠራች ላለችው አዲስ አበባም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቀለም ብቻውን አይከላከልም፤ ከፍ ያለ ጠርዝ ወይም የተለየ መንገድ ያሻል። እስከዚያው ድረስ ግን የብስክሌተኛው ሕይወት ያለው ከኋላው በሚመጣው ሰው እግር ሥር ነው፤ ፍሬኑን ነክቶ ጥቂት ሰከንድ በመታገሥ ወይም ነዳጁን ረግጦ በማለፍ።